ሪፖርቱ ላይ ያለው «ላይክሊ» ስንት ከመቶ ነው?

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ቃላት ነው የማወራችሁ። ቆዩ፣ አትለፉት። ቃል ሰውን ከሕክምና ሲያዘገይ በዓይኔ አይቻለሁ።

በቅርቡ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ደረሰኝ። የማሞግራፊ፣ ማለትም የጡት ራጅ ውጤት ነው። ከፎቶው ሥር እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ዶክተር፣ ሰጀስቲቭ ማለት ጥቆማ ማለት ነው አይደል? የግድ ነው ማለት አይደለም አይደል?»

ፎቶውን አሳድጌ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «ሃይሊ ሰጀስቲቭ ኦፍ ማሊግናንሲ፣ ባይራድስ 5» ይላል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ ቀኑን አየሁ። ወረቀቱ አምስት ወር ሆኖታል።

ልጅቷ እንግሊዝኛ የማታውቅ አይደለችም። የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቢሮ ደብዳቤ የምትጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ቃሉን ታውቀዋለች። በመሥሪያ ቤቷ ግድግዳ ላይ የ«ሰጀሽን» ሳጥን ተሰቅሏል፤ ሰው ሐሳቡን ጽፎ ይከታል፣ የሚከፍተው ግን የለም። እና «ሰጀስቲቭ» የሚለውን ስታነብ የመጣላት እሱ ነው። «አንድ ሐሳብ ሰጡኝ፣ ሲመቸኝ አየዋለሁ» ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በእኛ ቋንቋ ግን ባይራድስ 5 ማለት፣ እንደዚህ ዓይነት ምስል ያላቸው 100 ሴቶች ናሙና ቢሰጡ 95ቱ ወይም ከዚያ በላይ ካንሰር ይገኝባቸዋል ማለት ነው። ታዲያ ለምን «ካንሰር ነው» ብለው አይጽፉትም? ምክንያቱም ራጅ የሚያሳየው ጥላ ነው። ሴሉን በማይክሮስኮፕ አይቶ ስሙን የሚጠራው የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። ስለዚህ ራዲዮሎጂስቱ ናሙና ሳይወሰድ መናገር የሚችለው የመጨረሻው ጥግ ይህ ነው። ከዚህ በላይ ጮክ ብሎ መናገር አይችልም። እሷ የሰማችው ግን ሹክሹክታ ነው።

አሁን ሕክምና ላይ ናት። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷው ናት።

አንዳንዶቻችሁ «ሐኪም ጋ ተመልሳ አለመጠየቋ ነው ጥፋቱ» ትሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንደዚህ ያለ ወረቀት በፖስታ አሽጎ «ውጤትሽ ይኸው» ብሎ መስጠት ራሱ ነው ጥፋቱ። ወረቀቱን የሰጣት ሰው በአማርኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ኖሮ አምስት ወር ባልባከነ ነበር።

ስለ ባይራድስ ካነሳን አይቀር ጥቂት ልበላችሁ፤ ጡታችሁን ተመርምራችሁ የምታውቁ ብዙ ናችሁና። ቁጥሩ ከ0 እስከ 6 ነው። አታላይዋ 0 ናት። ዜሮ ሲባል «ምንም የለም» የሚመስላቸው አሉ። ባይራድስ 0 ማለት ግን «ምርመራው አላለቀም፣ ተጨማሪ ምስል ወይም የድሮውን ፊልም አምጡ» ማለት ነው። ምንም የለም የሚባለው 1 ሲሆን ነው። 3 ላይ «ፕሮባብሊ ቢናይን» ይላል፣ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ተመልሶ መታየት ይበቃል። ይሄን አንብበው ግን ሌሊቱን ሲያለቅሱ የሚያድሩ አሉ፣ «ፕሮባብሊ» የሚለው ስላስደነገጣቸው። 4 ደግሞ «ሰስፒሽየስ» ነው፣ አጠራጣሪ። የዚህ የ«አጠራጣሪ» ስፋት ከ2 እስከ 95 ከመቶ ነው! ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ የሚከፈለው። 4ኤ ከ10 ከመቶ አይዘልም፣ 4ሲ ደግሞ ከ50 በላይ ነው። ሁለት ሴቶች ያንኑ ቃል ይዘው ከአንድ በር ሊወጡ ይችላሉ፣ አንዷ ጋ ያለው ዕድል ትንሽ፣ ሌላዋ ጋ ያለው ደግሞ በጣም ትልቅ።

እና ይሄ እኮ ቁጥር ያለው ነው። ባይራድስ ቢያንስ ቃሉን ከቁጥር ጋር አስሮታል። ሌላው ሪፖርት ላይ ያሉት ቃላት ግን ልቅ ናቸው።

የአልትራሳውንድ፣ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ሪፖርት በመጀመሪያ የተጻፈው ለእናንተ አይደለም። ከአንድ ሐኪም ለሌላ ሐኪም የሚላክ ደብዳቤ ነው። አንድ አባት የሆድ አልትራሳውንዳቸውን ይዘው መጥተው «ጉበቴ ምን ቢያደርጋቸው ነው እንዲህ የጻፉበት?» ብለው ተቀይመው ያውቃሉ። «አንሪማርከብል» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ልጃቸው «የማይረባ» ብሎ ተርጉሞላቸዋል። ትርጉሙ «ጤነኛ ነው፣ የሚጻፍበት ነገር አጣሁ» ነው። በሕክምና ወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ሙገሳ የለም። «ኢምፕሬሽን» የሚለው ርዕስም ስሜት ማለት አይደለም፣ የባለሙያው ማጠቃለያ ነው። «ክሊኒካል ኮሪሌሽን» የሚለው ደግሞ «ምስሉ ብቻውን አይበቃም፣ ታካሚውን ካየኸው ጋር አገናዝበው» እያለ ለላኪው ሐኪም ነው የሚያወራው።

«ኮንሲስተንት ዊዝ» ካለ ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያለ ነው፣ ያየሁት ነገር ከዚህ በሽታ ጋር ይገጥማል ማለቱ ነው። «ላይክሊ» ሲል ከግማሽ በላይ ያዘነበለ ነው። «ፖሲብል» በሩን ከፈት አድርጎ መተው ነው። «ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አልወዳትም። በቃል ስትተረጎም «አይደለም ማለት አይቻልም» ናት። አንዳንዴ እውነተኛ ስጋት ይኖራታል። ሌላ ጊዜ ግን ሐኪም ነገ እንዳይጠየቅ ራሱን የሚሸፍንባት ጃንጥላ ናት። በደረት ሲቲ ስካኑ ላይ ትንሽ ነጥብ የታየበት አንድ ሹፌር ይህችን ሐረግ በስልኩ ተርጉሞ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። ምስሉን ስናየው የድሮ የሳንባ ቁስል ጠባሳ ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህ ነገር በሌላ መንገድ ይመጣባችኋል። ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ምክንያት የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለታካሚው ክፍት መሆን አለበት። ጥሩ ሕግ ነው፣ የራስ መረጃ የራስ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳያየው ውጤቱ ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። እናታችሁን ወክላችሁ እናንተ ታነባላችሁ፣ አንብባችሁ ለእሳቸው በአማርኛ ትነግራላችሁ። ያቺ የትርጉም ደቂቃ ናት እኔን የምታስፈራኝ።

ምክንያቱም ስንተረጉም የምናደርገውን ታውቃላችሁ። አማርኛችን ለጥርጣሬ ድሃ አይደለም። «ምናልባት» አለን፣ «ይሆናል» አለን፣ «ይመስላል»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ጥርጥር የለውም»። «ሳይሆን አይቀርም» እኮ ከባድ ቃል ነው፤ ሁለት አሉታ ገጥመን፣ ሳይሆን የመቅረት ዕድሉ ጠባብ ነው ማለታችን ነው። ለ«ላይክሊ» ጥሩ ጓደኛ ይሆነው ነበር። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? «ሜይ» ሲመጣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ማይት» ሲመጣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ኩድ»ም፣ «ላይክሊ»ም፣ «ፕሮባብሊ»ም ያው «ሊሆን ይችላል»። በእንግሊዝኛው ደረጃ ደረጃ የነበረው ሁሉ አማርኛ ላይ ሲደርስ አንድ ሜዳ ይሆናል። አምስት ከመቶ የሆነውም ሰማንያ ከመቶ የሆነውም እኩል ይተኛል።

ሌላም ችግር አለ፣ ይሄኛው ከቋንቋ ሳይሆን ከኑሯችን የመጣ ነው። እኛ ክፉ ወሬ በቀጥታ አንናገርም። መርዶ እንኳ እንዴት እንደሚነገር ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ይጠበቃል። ስለዚህ ሐኪም ፊታቸው ተቀምጦ «ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ገና አላወቅንም» ሲል ቤተሰብ የሚሰማው «ነው፣ ግን ሊነግረን ጨክኖ አልቻለም» የሚለውን ነው። ኮሪደር ላይ ወጥተው ይላቀሳሉ። እኔ በእውነት አለማወቄን ነበር የነገርኳቸው። በተቃራኒው ደግሞ ተስፋ የሚፈልግ ሰው ያቺኑ «ሊሆን ይችላል» ወስዶ «ላይሆንም ይችላል» ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም የሰሙት ያልኩትን አይደለም።

የራሴን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ አድልዎ ይሆናል። ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ አንገታቸው ላይ እብጠት ይዘው መጡ። መርምሬያቸው «አባባ፣ ካንሰር አይመስለኝም፣ ለማንኛውም ናሙና እንውሰድ» አልኳቸው። እኔ «አይመስለኝም» ስል በሐሳቤ ከ100 ሰባና ሰማንያውን መያዜ ነበር፣ ሃያው ነው ናሙና የሚያስወስደው። እሳቸው የያዙት ግን የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ነው። «ዶክተሩ አይደለም ብሎኛል» ብለው ናሙናውን ሳይሰጡ አገር ቤት ተመለሱ። ሲመለሱ እብጠቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አይመስለኝም» የምትለዋን ቃል ብቻዋን ከአፌ አላወጣትም።

ይሄ የሕክምና ችግር ብቻ አይደለም፣ የቃል ተፈጥሮ ነው። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ውስጥ ሸርማን ኬንት የሚባል ሰው ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ሶቭየት ኅብረትና አጋሮቿ ዩጎዝላቪያን ይወሩ እንደሆነ የሚተነብይ ሰነድ አወጡና «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» አለ ብለው ጻፉ። አንድ ባለሥልጣን ኬንትን «ይሄ ስንት ነው?» አለው። ኬንት «ከ100 ወደ 65 አካባቢ ይወራሉ ማለቴ ነው» ሲል ሰውየው ደነገጠ፣ በጣም ዝቅ ያለ መስሎት ነበርና። ኬንት ቢሮው ተመልሶ ሰነዱን አብረውት ያዘጋጁትን ሰዎች ቢጠይቅ አንዱ 80 ይላል፣ ሌላው 20 ይላል። ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ በአንድ ሐረግ ላይ ተስማምተው የፈረሙ ሰዎች ናቸው እነዚህ! ኬንት ይህን በ1964 ጽፎታል፣ ለየቃሉ ቁጥር ይመደብለት ብሎም ተከራክሯል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ፣ አንድ ክፍል የተቀመጡ ባለሙያዎች እንዲህ ከተለያዩ፣ ከራዲዮሎጂ ክፍል ወጥቶ በልጅ ትርጉም በኩል እናት ጋ የሚደርሰው ቃል ምን ይሆናል?

ሐሳቡ የተሠራበት ቦታም አለ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የተባበሩት መንግሥታት ፓነል ሪፖርቱ ላይ «ላይክሊ» ካለ ከ66 ከመቶ ጀምሮ፣ «ቬሪ ላይክሊ» ካለ ከ90 ጀምሮ ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይጽፋል። ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት ይሄን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ስለ እናታችሁ ሳንባ ለምን አንጠነቀቅም?

የመድኃኒት ወረቀትም ላይ ይሄው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ረጅም ወረቀት አንብቦ የደም ግፊት መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በየሳምንቱ ነው የማገኘው። «ዶክተር፣ ኮመን ሳይድ ኢፌክት ይላል እኮ፣ የተለመደ ነው ማለት ነው፣ ሁሉንም ሰው የሚይዝ ነው ማለት ነው» ይሉኛል። በአውሮፓ ደንብ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ «ኮመን» ማለት መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ሰዎች ከ1 እስከ 10 የሚሆኑትን ሊያጋጥም የሚችል ማለት ነው። ከ90 በላይ የሚሆኑት ምንም አይሰማቸውም። «አንኮመን» ከ1,000 ከ1 እስከ 10 ነው። «ሬር» ከ10,000 ከ1 እስከ 10፣ «ቬሪ ሬር» ከዚያም ያነሰ ነው። «ቬሪ ኮመን» ብቻ ነው ከ10 ሰው 1 እና ከዚያ በላይ። በአማርኛ «የተለመደ» ስንል ግን እንደ ጉንፋን፣ ማንም የማይቀርለት ነገር ነው የሚታየን። በዚህ በአንድ ቃል ምክንያት ክኒኑን ጥሎ፣ ግፊቱ 180 ሆኖ፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው አክሜያለሁ።

የምርመራ ማዘዣ ላይ ሐኪም የሚጽፋትን «ሩል አውት ቲቢ» የምትለዋንም ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ፊደል አሳጥረን ነው የምንጽፋት። ቲቢ አለበት ማለት አይደለም፣ ቲቢ እንዳልሆነ አረጋግጡልኝ ማለት ነው። የጥያቄ ምልክትም እንዲሁ ነው፣ ከበሽታው ስም ፊት ከተቀመጠች እየጠየቅን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ «የቲቢ ተጠርጣሪ» የሚለውን አጠራር ትቶ በሌላ ተክቶታል፣ በሽተኛን እንደ ወንጀለኛ መጥራት ስለሚሆን። እኛ ሰፈር ግን ማዘዣዋ በጎረቤት ከታየች በቃ፣ ሲኒው ይለያል።

እስካሁን ጥርጣሬን ስላልገባን ሰዎች ነው ያወራሁት። አሁን ጥርጣሬን ስለምንደብቅ ሐኪሞች ልናገር፣ ባልደረቦቼ አትቀየሙኝ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ የመጣውን ሰው ዊዳል የተባለውን የደም ምርመራ አዘን «ታይፎይድ አለብህ» ብለን እንሸኘዋለን። ላቦራቶሪው የጻፈው ግን ብዙ ጊዜ «ዊክሊ ሪአክቲቭ» ነው፣ በደከመ ሁኔታ ምላሽ ሰጥቷል። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም፣ ሰውነት ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚለካው፤ እንደኛ አገር ታይፎይድ ባለበት ቦታ ያ ነገር በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይገኛል። ከዓመታት በፊት የያዘውም ሊሆን ይችላል። በአንድ ዊዳል ብቻ «አለብህ» ማለት አይቻልም፤ በአብዛኛው እርግጡን የሚነግረን የደም ካልቸር ነው። ይሄን እናውቃለን። ግን ታካሚው ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ደም ሰጥቶ «እርግጠኛ አይደለሁም» ስንለው «ይሄ ዶክተር አያውቅም» ብሎ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። ስለዚህ የበሽታ ስም እንሸጥለታለን። በዓመት አራት ጊዜ ታይፎይድ «የሚይዛቸው» ሰዎች የበዙት በዚህ ነው። እናንተም ሐኪም «አላውቅም፣ እንከታተል» ሲላችሁ አትናቁት። ያ ሰው ምናልባት በዚያ ሳምንት ካገኛችሁት ሁሉ ሐቀኛው ነው።

ጥርጣሬን በደንብ የያዝንበት ቦታ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይመስለኛል። ውጤቱ እርስ በርሱ ካልተስማማ «ኢንኮንክሉሲቭ» ይባላል፣ አልተቋጨም። ከዚያ በዝምታ አይሸኙትም፤ ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ እንዲመረመር ቀን ይሰጠዋል። ያልታወቀው ነገር መቼና እንዴት እንደሚታወቅ አብሮ ይነገረዋል። ለሌላውም በሽታ እንዲህ ብናደርግ ምን ነበረበት? ራዲዮሎጂስቱ ከእንግሊዝኛው ሪፖርት ሥር በአማርኛ ወይም በታካሚው ቋንቋ አንድ መስመር ቢጨምር፦ «ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው፣ በዚህ ሳምንት ናሙና ይስጡ»። የሚፈጅበት ግማሽ ደቂቃ ነው። «ታካሚ እናስደነግጣለን» የሚሉኝ አሉ። የመጣችልኝ ሴት አልደነገጠችም ነበር፣ አምስት ወር ሙሉ አልደነገጠችም።

ያ እስኪሆን ድረስ እናንተ ጠይቁ። «ሊሆን ይችላል» ስትባሉ አትነሡ። «ዶክተር፣ እንደኔ ያለ 100 ሰው ቢመጣ ስንቱ ላይ ነው የሚገኘው?» በሉ። ቁጥሩን በትክክል ባያውቀው እንኳ ከግማሽ በላይ ይሁን በታች፣ ከአሥር አንድ ይሁን ዘጠኝ ሊነግራችሁ ይችላል፣ ይገባዋልም። ካልሆነስ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ በምን ምርመራ እንደሚለይ፣ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል አስጨምሩ። እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ሐኪሙ ያላትን ቃል እንዳለች ስልካችሁ ላይ ጻፏት፣ ቤት ስትደርሱ ለዘመድ ስትነግሩ እንዳትጨምሩባት፣ እንዳትቀንሱላትም።

ለእኔም ላኩልኝ፣ እስከቻልኩ ድረስ አነባለሁ፣ ማታም ቢሆን። ስትልኩ ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ሸፍኑ። ቀኑን ግን እባካችሁ አትሸፍኑብኝ።